«ኮሌስትሮሌ ወርዷል፤ ኪኒኑን ልተወው?»



ዛሬ በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ይዤ መጥቻለሁ። ጠያቂዋ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው፤ አባቷ ደባርቅ ናቸው። ፈቃዷን ጠይቄ፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር አውጥቼ እንዲህ አቀርበዋለሁ፦

«ዶክተር፣ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። የዛሬ ዓመት በድንገት ግራ እጃቸውና እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ጎንደር ወሰድናቸው። ሲቲ ስካን ተነስተው ‹ስትሮክ ነው፤ ደም ረግቶ ነው› ተባልን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ከዘራ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። የደም ግፊት መድኃኒት፣ አስፕሪን እና አቶርቫስታቲን የሚባል 40 ሚሊግራም ኪኒን ታዞላቸዋል። በቅርቡ ሲመረመሩ ኮሌስትሮላቸው ኖርማል ሆነ። እሳቸውም ‹ይኸው ድኛለሁ፤ ደግሞ ጾምም ገብቷል፤ እግሬንም ይቆረጥመኛል› ብለው አቶርቫስታቲኑን ከተዉት ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ወንድሜ ደግሞ ‹ጉበት ይጎዳል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እንኳንም ተዉት› ይላል። እኔ ጨንቆኛል። ምን ላድርግ?»

ይህን ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ከብዙ ሰው እሰማዋለሁ። የብዙዎቻችን ወላጆች ደባርቅ፣ ዳባት ወይም ሌላ ከተማ ሆነው እኛ ከሩቅ በስልክ ነው መድኃኒታቸውን የምንከታተለው። ስለዚህ አባትየው ያነሷቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

አጭሩ መልስ

ለቸኮለ ሰው አጭሩን ልንገራችሁ። የአባትየው ኮሌስትሮል የወረደው ኪኒኑን ስለወሰዱ ነው። ኪኒኑ ሲቆም ኮሌስትሮሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። እሳቸው ደግሞ አንድ ጊዜ ስትሮክ የመታቸው ሰው ናቸው። እንደገና እንዳይመታቸው ከሚጠብቋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ኪኒን ነው። ስለዚህ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ማቆማቸው ልክ አልነበረም። ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ደውለው ሊያስተካክሉት የሚችሉት ነገር ነው።

ለምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ አብሮኝ ይቆይ።

ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ኮሌስትሮል ሲባል ከቅቤና ከጮማ የሚመጣ መርዝ ይመስለዋል። አይደለም። ኮሌስትሮል ሰውነታችን የሚፈልገው ስብ ነው። የሴሎቻችን ግድግዳ፣ አንዳንድ ሆርሞኖች፣ ሐሞትም ከሱ ነው የሚሠሩት። አብዛኛውን የሚያመርተው የራሳችን ጉበት ነው፤ ከምግብ የሚመጣው ድርሻ ያንሳል። ቅቤ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ስብ ደግሞ ከደም ጋር አይቀላቀልም፤ ራሱን ችሎ መንገድ አይሄድም። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር የሚሄድ የእንግዳ ጓዝ በበቅሎ እንደሚጫነው ሁሉ፣ ኮሌስትሮልም ተጭኖ ነው በደም ውስጥ የሚጓዘው። ከጉበት ወደ ሰውነት የሚያደርሰው ጫኝ ኤልዲኤል ይባላል። በላቦራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ «መጥፎው» የሚባለው እሱ ነው። ሌላው፣ ትርፉን ወደ ጉበት የሚመልሰው፣ ኤችዲኤል ነው።

ኤልዲኤል ሲበዛ ጭነቱን መንገድ ላይ፣ ማለትም የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ፣ ያራግፋል። ይህ ክምችት ለብዙ ዓመት ድምፅ ሳያሰማ ይቀመጣል። አያምም፣ አያስልም፣ አያተኩስም። አንድ ቀን ግን እንደ ቁስል ይፈነዳል። ደም ቁስሉን ለመድፈን ይረጋል። የረጋው ደም የልብን ቧንቧ ከዘጋ ሃርት አታክ የምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ይመጣል፤ የአንጎልን ከዘጋ ስትሮክ ይሆናል። ስትሮክ ደም በመፍሰስም ይመጣል። የጠያቂያችን አባት ግን «ደም ረግቶ ነው» ነው የተባሉት። ይህን አስታውሱ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

«እኛ ደገኞች ነን፤ ኮሌስትሮል የከተማ በሽታ ነው»

ይህን ደባርቅ ላይ ያልሰማ የለም። ሰዉ ይራመዳል፣ ገብስ ይበላል፣ ባቄላ ይቆረጥማል፣ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ይጾማል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ንጹህ ነው። ታዲያ የምን ኮሌስትሮል?

እውነት አለው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ሆኖ የተገኘው አዋቂዎች ከመቶ አምስት ገደማ ነበሩ። ከብዙ አገሮች አንጻር ይህ ትንሽ ነው።

ግን ስትሮክና የልብ ሕመም በኮሌስትሮል ብቻ አይመጡም። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ በቤተሰብ ያለ ሕመም ሁሉም ይደመራሉ። ዳባትን ደግሞ በግምት ሳይሆን በጥናት እናውቃታለን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዳባት ላይ የጥናት ማዕከል አለው። ቤት ለቤት እየሄደ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ብሎ ይመዘግባል። በጎንደር ከተማና በዚሁ በዳባት ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ የደም ግፊት በከተማው ከመቶ 31 ገደማ፣ በገጠሩ ደግሞ ከመቶ 25 ገደማ ሆኖ አግኝቶታል።

ልብ በሉ፤ ገጠሩም ላይ ከአራት ሰው አንዱ ማለት ነው። ከተማና ገጠር የሚለው ልዩነት እኛ እንደምናስበው ሰፊ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የሰሜን ተራሮች ነዋሪ ስስ አየርን ተላምዶ የመኖር ልዩ ችሎታ እንዳለው ተመራማሪዎች አምባራስ አካባቢ ሠርተው በ2002 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። ደስ ይላል! ግን ይህ ስለ ኦክስጅን ነው። ተራራው የደም ቧንቧን አያጥብልንም። ግፊት ያለበት፣ 66 ዓመት የሞላው፣ አንድ ጊዜ ስትሮክ የመታው ሰው ደባርቅም ኖረ ቦሌ፣ አደጋ ላይ ነው።

ኪኒኑ ምን ይሠራል?

አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን... መጨረሻቸው «ስታቲን» የሆኑት ሁሉ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። አጀማመራቸው ደስ ይላል። ጃፓናዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ አኪራ ኤንዶ በ1973 (እ.ኤ.አ.) በብዙ ሺህ የሻጋታና የፈንገስ ዓይነቶች መካከል ሲፈልግ ቆይቶ የመጀመሪያውን ስታቲን ከሻጋታ አገኘ። እንጀራችን ላይ ሲወጣ ከምንጥለው ሻጋታ ጋር ዝምድና ያለው ነገር መሆኑ ነው። (ይህን አንብባችሁ የሻገተ እንጀራ እንዳትበሉ፣ አደራ!) ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው ስታቲን አሜሪካ ውስጥ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ፈቃድ አገኘ።

ስታቲን ጉበት ውስጥ ኮሌስትሮል የሚመረትበትን ሂደት ያዳክማል። ጉበቱም «ኮሌስትሮል አነሰኝ» ብሎ ከደም ውስጥ ኤልዲኤልን መሳብ ይጀምራል። ስለዚህ ደም ውስጥ ያለው ይወርዳል። ከዚያም በላይ፣ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ያለው ክምችት እንዲረጋጋና በቀላሉ እንዳይፈነዳ ያደርጋል።

ጥቅሙስ ምን ያህል ነው? ሁለት ትልልቅ ጥናቶችን ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛው በ1994 (እ.ኤ.አ.) የታተመና በስካንዲኔቪያ አገሮች ልባቸውን በታመሙ 4,444 ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። ግማሾቹ ሲምቫስታቲን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለው ባዶ ኪኒን ወሰዱ። ከአምስት ዓመት በላይ ሲከታተሏቸው ባዶውን ከወሰዱት ከመቶ 12፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 8 ሞቱ።

ሁለተኛው በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመና እንደ ጠያቂያችን አባት ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ ስትሮክ በደረሰባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ እንደገና ስትሮክ የመታቸው ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ከመቶ 13፣ አቶርቫስታቲን 80 ሚሊግራም ከወሰዱት ከመቶ 11 ነበሩ።

«ከ13 ወደ 11? ይቺ ብቻ?» ትሉኝ ይሆናል። ከመቶ ሰው ሁለቱ ማለት ነው። እነዚያ ሁለቱ ግን በእግራቸው ቆመው የሚያስቀድሱ አባቶች ናቸው። ማን እንደሆኑ ቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ መቶውም ይወስዳሉ። ከግፊት መድኃኒትና ከአስፕሪን ጋር ሲደመር ደግሞ ጥበቃው ይጨምራል።

ታማኝ ልሁን፤ በዚያው ጥናት ደም በመፍሰስ የሚመጣው የስትሮክ ዓይነት በጥቂቱ ጨምሮ ታይቷል። ስለዚህ ነው ስትሮኩ የትኛው ዓይነት እንደነበረ ማወቅ የሚያስፈልገው። ደም ፈስሶ ስትሮክ የነበረበት ሰው ስታቲን ይውሰድ አይውሰድ የሚለውን ሐኪሙ በጥንቃቄ ነው የሚወስነው። የሲቲ ስካን ወረቀቱን አትጣሉ!

ምክንያት አንድ፦ «ቁጥሩ ኖርማል ሆኗል»

ወባ ሲይዘን ኪኒኑን ጨርሰን እንድናለን፣ እናቆማለን። የስታቲን ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። ጣሪያ እንደ መክደን ነው፤ ቤቱ ውስጥ ዝናብ አልገባም ብሎ ቆርቆሮውን የሚያነሳ ሰው የለም።

ደግሞም «ኖርማል» የሚለው ቃል ያሳስታል። የላቦራቶሪው ወረቀት የሚጽፈው መነሻ ለጤነኛው ሰው ነው። ስትሮክ ወይም ሃርት አታክ ለነበረበት ሰው ኤልዲኤሉ ከዚያም በታች፣ ብዙውን ጊዜ ከ70 ሚሊግራም በታች፣ እንዲወርድ እንፈልጋለን። ኤልዲኤል በ39 ሚሊግራም በወረደ ቁጥር ትልልቅ የልብና የደም ቧንቧ አደጋዎች ከአንድ አምስተኛ በላይ እንደሚቀንሱ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ሥራ አሳይቷል።

ሌላ ለእኛ አገር የሚሆን ነገር ልጨምር። ምርመራው መቼ ተደረገ? በዐቢይ ጾም መጨረሻ የተለካና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ የፍስክ ቀናት የተለካ አንድ ላይሆን ይችላል። የአንድ ቀን ወረቀት ብቻ አይቶ መወሰን ልክ አይደለም።

ምክንያት ሁለት፦ «ጾም ገብቷል»

ይህ ቀላሉ ነው። አቶርቫስታቲን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወሰደው። ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ጠዋትም ማታም ቢወሰድ ይሠራል፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ማታ ከመተኛቱ በፊት በውሃ ይውሰደው፣ በቃ። ረመዷን የሚጾሙ ሙስሊም ወገኖቻችንም ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይችላሉ።

ሲምቫስታቲን ከሆነ ግን ማታ መወሰዱ ይመረጣል። ሰውነት ውስጥ ቶሎ ስለሚያልቅና ጉበት ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ነው።

የግፊቱንና የአስፕሪኑን ሰዓት ደግሞ ጾም ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር ማስተካከል ነው። የሚከብዳቸው ነገር ካለ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ለታመመ ሰው መድኃኒትህን ጣል የሚል አባት እኔ አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን ቢረሱስ? በዚያው ቀን ካስታወሱ ይውሰዱት። በማግስቱ ካስታወሱ ያለፈውን ትተው የዕለቱን ብቻ ይውሰዱ። ሁለት አንድ ላይ አይወሰድም።

ምክንያት ሦስት፦ «እግሬን ይቆረጥመኛል»

እዚህ ላይ አባትየውን መናቅ የለብንም። ስታቲን የጡንቻ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጭን፣ ሁለቱንም ባት ወይም ሁለቱንም ትከሻ ነው የሚይዘው፤ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጀምራል።

ግን እግር የሚቆረጥመው በስታቲን ብቻ ነው እንዴ? ዳገትና ቁልቁለት የሚወጣ የሚወርድ፣ 66 ዓመት የሆነው፣ በስትሮክ አንዱ ጎኑ የደከመና በከዘራ የሚሄድ ሰው እግሩን ባያመው ነው የሚገርመው። ጉልበትና ወገብም አለ።

በ2020 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ፤ በጣም ነው የምወደው። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎችን ሰበሰቡ። ለአንዳንዱ ወር አቶርቫስታቲን፣ ለአንዳንዱ ወር አምሳያውን ባዶ ኪኒን፣ ለአንዳንዱ ወር ምንም ሰጧቸው። በየቀኑ ሕመማቸውን ስልካቸው ላይ መዘገቡ። ምን ተገኘ? በስታቲኑ ወራት ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ የሚሆነው ባዶውን ኪኒን ሲወስዱም ተሰምቷቸዋል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ አስመስለው አይደለም። ያመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሳይሆን «ኪኒን ወስጃለሁ፣ ሊያመኝ ነው» የሚለው ሐሳብ ነበር። ውጤታቸውን ካዩ በኋላ ግማሾቹ ስታቲን እንደገና ጀመሩ።

ስለዚህ እግር ሲቆረጥም ዝም ብሎ ማቆም ሳይሆን ለሐኪም መንገር ነው መፍትሔው። ሐኪሙ ሲኬ የሚባል የደም ምርመራ ሊያዝ፣ መጠኑን ሊቀንስ፣ ለጥቂት ሳምንት አቁሞ ሊያይ ወይም ወደ ሌላ ስታቲን ሊቀይር ይችላል። ብዙው ሰው በአንዱ መንገድ ይስማማዋል።

ሳይዘገይ ሐኪም ቤት የሚያስኬደው ግን ይኸ ነው፦
– ከባድ የጡንቻ ሕመምና ከተቀመጡበት መነሣት የሚከለክል ድካም
– ሽንት እንደ ኮካ ኮላ መጥቆር
– ዓይን ቢጫ መሆን

እነዚህ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታዩት፤ ከታዩ ግን መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል።

ምክንያት አራት፦ «ጉበት ይጎዳል»

ወንድምየው የሰማው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ስታቲን ከሚወስዱ ሰዎች ጥቂቱ ላይ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ ሲቀነስ ወይም ራሱ በጊዜ ይመለሳል። እውነተኛ የጉበት ጉዳት በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት ጉበት እንመረምራለን፤ ከዚያ በኋላ ምልክት ካለ እንደግማለን።

ይልቅ ለጉበት የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ በየቀኑ የሚጠጣ አረቄ እና ምን እንደሆነ የማይታወቅ የተቀመመ መድኃኒት። «ኮሌስትሮል ያጥባል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። ነጭ ሽንኩርቱንና ጥቁር አዝሙዱን በወጡ ውስጥ ብሉት፣ ይጣፍጣል። በኪኒኑ ቦታ ግን አይገባም።

ስኳርስ? አዎ፣ ስታቲን የስኳር በሽታን ዕድል በትንሹ ይጨምራል። 255 ሰዎች ለአራት ዓመት ቢወስዱ አንድ ተጨማሪ ሰው ስኳር ይይዘዋል ተብሎ ተሰልቷል፤ አብዛኛውም ድሮውንም ጫፍ ላይ የነበረ ሰው ነው። ለስትሮክ ታማሚ ጥቅሙ ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

ከሌላ መድኃኒት ጋር ጥንቃቄ

ይህን ክፍል ፎቶ አንስታችሁ ያዙ።

1. አምሎዲፒን፦ አገራችን ላይ ለግፊት በብዛት የሚታዘዝ ነው። ከሱ ጋር ሲምቫስታቲን የሚወስድ ሰው ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። አቶርቫስታቲን ከሆነ ይህ ገደብ የለም።

2. ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን፦ የጨጓራ ባክቴሪያ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ተብሎ ሲታዘዝላችሁ ስታቲን እንደምትወስዱ ተናገሩ። ስታቲኑ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ጡንቻን ሊጎዳ ይችላል።

3. የፈንገስ ኪኒኖች፦ በተለይ ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል። ምክንያቱ ያው ነው።

4. የኤችአይቪ መድኃኒት፦ ሪቶናቪር ያለበት ከሆነ ከሲምቫስታቲን ጋር በፍጹም አይወሰድም።

5. የቲቢ መድኃኒት፦ ሪፋምፒሲን የስታቲንን ጉልበት ይቀንሳል።

6. እርግዝና፦ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ለማርገዝ ያሰበች ወይም የምታጠባ እናት ቶሎ ለሐኪሟ ትንገር። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ይቆማል።

ከውጭ አገር የሚላከው ኪኒን

የእናንተ ጉዳይ ነው ይሄ፣ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ። ሊፒቶር ማለት አቶርቫስታቲን ነው። ዞኮር ማለት ሲምቫስታቲን ነው። ክሬስቶር ማለት ሮሱቫስታቲን ነው። ስሙና ቀለሙ ስለሚለያይ ሌላ መድኃኒት የመሰላቸው አባት ሆስፒታል የሰጣቸውንም ልጃቸው የላከላቸውንም አብረው ሲውጡ አይቻለሁ። በሰው እጅ ከመላካችሁ በፊት እሳቸው ጋ ያለውን ኪኒን በስልክ ፎቶ አስልኩና ስሙንና ሚሊግራሙን አመሳክሩ።

አቅርቦቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ ሲደርስ፣ ከዚያም ወዲህ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ የዕለት መድኃኒት ያለባቸው ሰዎች ምን ያህል እንደተቸገሩ የአካባቢው ልጆች ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሐኪሙ የሁለትና የሦስት ወር እንዲያዝላቸው ጠይቁ። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍለጋ ጀምሩ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያቸው መታደሱን አረጋግጡ፤ መድኃኒቱ በመድኑ ይሰጥ እንደሆነም እዚያው ጠይቁ። ካልተገኘ ማቆም ሳይሆን «በምን ይተካ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ከዚያው ቤተሰብ ሌላ ስታቲን በተመጣጣኝ መጠን ሐኪሙ ሊተካው ይችላል።

ምግቡስ?

የደባርቅ ገበታ ለልብ ጥሩ ነገር አለው። ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለ፤ ኮሌስትሮልን በጥቂቱ ይቀንሳል። በሶው፣ ቆሎው፣ ገንፎው፣ የባቄላው ሽሮ እሰየው ነው። ገንፎው መሐል የሚፈሰው ቅቤ ላይ ግን እጃችሁ ይጠር!

ጾም ነው ተብሎ ሁሉ ነገር ጤናማ አይሆንም። ብርድ ሲሆን የሚረጋው ዘይት፣ ማለትም የፓልም ዘይት፣ ከእንስሳ ባይመጣም ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። ደባርቅ ብርድ ስለሆነ መለየቱ አይከብድም፤ ጠዋት ጀሪካኑን ማየት ነው። አቅም ከፈቀደ ኑግ ወይም ሱፍ ይሻላል። ጨው መቀነስ ደግሞ ለግፊቱ ነው።

ግን ምግብ ብቻውን ኤልዲኤልን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። አቶርቫስታቲን 40 ደግሞ ግማሽ ያህል ያወርደዋል። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ሁሉም ሰው ይውሰድ ማለቴ ነው?

አይደለም! ወጣት ሆኖ፣ ግፊትም ስኳርም ሳይኖርበት፣ ኮሌስትሮሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ብቻ ፋርማሲ ሄዶ ስታቲን የሚገዛ አለ። ያ ልክ አይደለም። በዋናነት የሚያስፈልጋቸው፦
– ሃርት አታክ ወይም በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ የነበረባቸው
– ስኳር ያለባቸውና 40 ዓመት ያለፋቸው
– ኤልዲኤላቸው 190 ሚሊግራም እና ከዚያ በላይ የሆነ
– ዕድሜያቸው፣ ግፊታቸው፣ ማጨሳቸው ተደምሮ በሐኪም ሲሰላ አደጋቸው ከፍ ያለ

ከእነዚህ ውጪ ያለ ሰው በቅድሚያ ምግቡን፣ እንቅስቃሴውን፣ ሲጋራውን ነው የሚያስተካክለው።

ወደ ጠያቂያችን ስንመለስ

እህቴ፣ ዛሬ ማታ ይህን አድርጊ።

መጀመሪያ አባትሽን አትቆጫቸው። «ለምን አቆሙ?» ከማለት «እግርዎን የት የት ነው የሚያምዎት? ከመቼ ጀምሮ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ሽንታቸው ጠቁሮ እንደሆነ፣ ድካሙ የበረታ እንደሆነ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ እንደሆነ ጠይቂ። ከነዚህ አንዱ ካለ ነገ ሳይባል ሆስፒታል ይሂዱ፤ ኪኒኑንም አይጀምሩ።

እነዚህ ከሌሉ ነገ ጠዋት ወደሚከታተላቸው ሐኪም ደውሉ ወይም ይሂዱ። ሦስት ሳምንት ማቆማቸውን በግልጽ ይናገሩ። ሐኪም አይቆጣም፤ ቢቆጣም ለአንድ ደቂቃ ነው። ያንኑ መጠን ይጀምሩ ወይስ በትንሽ ይጀምሩ የሚለውን እሱ ይወስናል። የግፊቱን መድኃኒትና አስፕሪኑን ደግሞ እንዳያቋርጡ አደራ በያቸው።

ከጀመሩ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ኮሌስትሮላቸው ይለካ። ቁጥሩ ወርዶ ሲገኝ «ድነሃል፣ ተወው» ማለት ሳይሆን «መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ ቀጥል» ማለት ነው።

ከዚያ ሰዓት ምረጪላቸው። ማታ ከጸሎት በኋላ፣ ከመተኛታቸው በፊት። አንቺም በዚያ ሰዓት ደውይላቸው። «ወሰዱ?» ብለሽ ሳይሆን «እንደምን አመሹ?» ብለሽ። ኪኒኑን ራሳቸው ያነሱልሻል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ለሁላችሁም። ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ጠበል ነው፣ ብርድ ነው፣ ነገ ይሻለዋል አትበሉ። ሰዓቱን መዝግባችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ።

ይህ ጽሑፍ ጠቅላላ መረጃ ነው፤ የራሳችሁን መድኃኒት መጀመር፣ መቀየር ወይም ማቆም ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ብቻ ነው። ወላጆቹ ራቅ ብለው ለሚኖሩ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። እናንተስ ቤት «ቁጥሩ ወርዷል» ብሎ መድኃኒት ያቆመ አለ? በኮሜንት ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።

ወላጆቻችንን ያቆይልን። ሰላም ቆዩ!